ያ ሜዳ የት ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለዚህ ዓምድ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊዋ በአዲስ አበባ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ትውልዳቸው ዋግ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ከመንደራቸው ወጡ። እናታቸው እዚያው መጠለያ ውስጥ ዐረፉ፤ እርሳቸውን አክስታቸው አሳደጓቸው። ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሱት ብርዱን ብቻ ነው።

በቅርቡ የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው በቴሌቪዥን የቀረበ አንድ አሮጌ ፊልም አይታ፣ «እማዬ፣ ይኼ ሜዳ የት ነው? አንቺስ እዚህ ውስጥ አለሽ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መልስ አጡ። ወደ ጓዳ ገብተው ቆዩ። በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ የጻፉት ይህን ነው፤ «እኔ የእናቴን መቃብር አሳዩኝ አልልም። ግን ያ ሜዳ በእርግጥ የት እንደሆነ ለልጄ በስሙ እንድነግራት ርዱኝ።»

አንባቢዬ፣ ይህን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር አልተመለከትኩትም። እርስዎም ያንን ፊልም ሳያዩት አልቀሩም። ጎሕ ሲቀድ፣ ጉምና ጢስ የተጋደመበት ሜዳ፣ በነጠላ የተጠቀለሉ ሰዎች፣ የሚያለቅሱ ሕፃናት። ብዙዎቻችን «የሰባ ሰባቱ ፊልም» እያልን እናልፈዋለን። ቦታው ስም ያለው፣ ገበያ የሚውልበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት የታወቀ ስፍራ መሆኑን ግን እንዘነጋለን።

በሌላው ዓለም ፊልም የተቀረጸበትን እውነተኛ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። በ1937 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዴቪድ ሊን «ብሪፍ ኢንካውንተር» የተባለውን ፊልም ሠራ። ታሪኩ አንዲት ባለትዳርና የልጆች እናት በባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ከአንድ ሐኪም ጋር ስትተዋወቅ የሚደርስባትን የልብ ጭንቀት ያሳያል። በፊልሙ ውስጥ ጣቢያው «ሚልፎርድ» ይባላል። እውነተኛው ግን በሰሜን እንግሊዝ ላንካሸር ውስጥ ያለው የካርንፎርዝ ባቡር ጣቢያ ነው። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለነበር በሌሊት ብዙ መብራት አብርቶ ለመቅረጽ ከአየር ድብደባ የራቀ ቦታ አስፈለገ። ዛሬ ሰዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ከዚያ ጣቢያ ሰዓት ሥር ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ በፊልሙ አምሳል የተሠራውን ሻይ ቤት ገብተው ሻይ ይጠጣሉ። እንግሊዞች ለልብ ወለድ ታሪክ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ እኛ በእውነት ሰው ላለቀበት ሜዳ ስሙን እንኳ አለማወቃችን ያሳፍራል።

የእኛ ዋግ የባቡር ጣቢያ የለውም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልዲያ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ሐዲድ ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ወደ ሰቆጣ ተራሮች ግን ባቡር ወጥቶ አያውቅም። በ1977 ዓ.ም. የዋግ፣ የላስታና የራያ ሕዝብ እህል ይመጣል ብሎ ተቀምጦ የጠበቀው በሜዳ ላይ ነበር።

ይኸውም ሜዳ ኮረም ነው።

ፊልሙን ያነሣው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነው፤ ዘገባውን ያቀረበው የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከ400 በላይ የሚሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳይተውታል። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ገና በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለዓለም ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በአገራችንም መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር የረኃቡ ነገር ተሸፍኖ ነበር። ያ ፊልም ግን በጥቂት ደቂቃዎች ዓለምን አስነሣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ለዕርዳታ ዘፈን አወጡ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ።

መሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ ክንዱን አጣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የእኛን ሞት ለዓለም ያሳየው ሰው በእኛ አውሮፕላን መሞቱ ያሳዝናል።

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ከመሳቢያዬ አንድ ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከጦርነቱ በፊት፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ለመጻፍ ወደ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። መንገዴ በኮረም በኩል ነበርና ያየሁትን እንደወረደ አቀርብልዎታለሁ።

ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልዲያና በቆቦ አድርገው 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ አላማጣ ይደርሳሉ። አላማጣ ሞቃት ናት፤ ሜዳው የማሽላ አገር ነው። ከዚያ ግን አውቶቡሱ ግራካሱ የተባለውን ተራራ መውጣት ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከታች ሳሉ ያወለቁትን ሹራብ ከላይ ሲደርሱ ይፈልጉታል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ጋቢያቸውን ገልጠው፣ «ነዪ ልጄ፣ ከኔ ጋር ልበሺ፤ የኮረም ብርድ እንግዳ አይምርም» አሉኝ። ጋቢያቸው ውስጥ ገብቼ ኮረም ደረስኩ።

አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ ነው ፊልሙ የገባኝ። ኮረም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ከሰሜኗ የአሸንጌ ሐይቅ አለ። ሌሊቱ ውርጭ ነው። በዚህ ብርድ ላይ ያለ ጎጆና ያለ ልብስ ማደር ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እዚህ ሰፍሮ ሳለ፣ ሰው የሚሞተው በረኃብ ብቻ አልነበረም፤ ብርዱ፣ ተስቦውና ኩፍኙ ብዙ ሕፃናት ጨርሰዋል።

በማግሥቱ ማለዳ ከከተማው ዳር ወጣሁ። ሜዳው ተራ ሜዳ ነው። ውርጩ ገና አልለቀቀም። አንድ እረኛ ልጅ በጎቹን ይነዳል፤ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በጎዳናው ያልፋሉ። ሰው ካልነገረዎት ምንም አያውቁም። በስተጀርባ ያለውን የተራራ ሰንሰለት አይቼ ግን በፊልሙ ላይ ያየሁት ያ ጉብታ መሆኑን ለየሁት። ቤቱና ዛፉ ይለወጣል፤ ተራራው አይለወጥም።

ከመንገዱ ዳር ቡና የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። «እናቴ፣ በሰባ ሰባት መጠለያው የነበረው እዚህ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጀበናቸውን አስቀምጠው ተነሡና በእጃቸው አሳዩኝ። «ከዚያ እስከዚያ፤ ሰው እንደ እህል ተሰጥቶ ነበር» አሉ። «ድንኳን ያገኘ አገኘ፤ ያላገኘ ጉድጓድ ቆፍሮ ልጆቹን አስገባ። እኛ የከተማው ሰዎችም የነበረንን አካፍለናል፤ አልበቃም። ጠዋት ጠዋት የሞተውን በየወገን በየወገኑ ይለዩት ነበር። ልጄ፣ የመጡት ከዋግም ከላስታም ነው። አገሩን የጠየቀው ሁሉ አይታወቅም፤ ስሙም አልተጻፈም።»

ከዚያ ወዲህ እየመጣ የሚጠይቅ ሰው አለ ወይ አልኳቸው። «አለ እንጂ» አሉ። «ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩ አድገው ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ይመጣሉ። 'እናቴ የተቀበሩት የት ነው?' ይሉኛል። እኔ የት አውቄ! ሜዳውን አሳያቸውና ቡና አፈላላቸዋለሁ። አልቅሰው ይሄዳሉ።» ብር ልሰጣቸው ስል ለቡናው ብቻ ተቀበሉኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር እናርም። በዚያ ሰሞን የተነሡት ፊልሞች በሰው አእምሮ ውስጥ ተደባልቀው አንድ ቦታ መስለዋል። ጎሕ ሲቀድ የሚታየው ሜዳ ኮረም ነው። በቀይ መስቀል መጋቢያ ጣቢያ ከብዙ ሕፃናት መካከል የሚድኑትን እንድትመርጥ የተገደደችው እንግሊዛዊት ነርስ ክሌር በርትሺንገር የነበረችው ግን በመቀሌ ነው። ከሺህ በላይ ሕፃናት ተሰልፈው ሳለ እህሉ የሚበቃው ለጥቂት አሥሮች ብቻ ስለነበር፣ ተመራጮቹን ምልክት ታደርግባቸው ነበር። በ«ላይቭ ኤይድ» ዝግጅት ላይ ፊቷ የታየውና ዓለምን ያስለቀሰችው ሕፃንም በመቀሌ የተነሣች ናት። በካናዳ የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ስትቀረጽ ትሞታለች ተብላ ነበር። አልሞተችም። ስሟ ብርሃን ወልዱ ይባላል። በ1997 ዓ.ም. በለንደን «ላይቭ ኤይት» መድረክ ላይ ቆማ ዓለም አይቷታል። ስም የሌለው ፊት ስም ሲያገኝ እንዴት ያለ ልዩነት እንደሚያመጣ ከዚህ ይረዱ።

የፊልም ነገር ከተነሣ አንድ ሌላም ልጨምር። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ አንጀሊና ጆሊ የምትሠራበት «ቢዮንድ ቦርደርስ» የተባለ ፊልም ለእይታ በቃ። ታሪኩ በከፊል በ1977ቱ ረኃብ በኢትዮጵያ መጠለያ ውስጥ የሚፈጸም ነው። የተቀረጸው ግን በናሚቢያ በረሃ ነው። ልጆችዎ ያንን አይተው ኢትዮጵያ አሸዋ ብቻ ይመስላቸዋል። ኮረም ግን አሸዋ አይደለችም፤ ገብስ የሚበቅልባት፣ ሐይቅ አጠገቧ ያለ፣ ሣሯ ያማረ ደጋ ናት። ረኃብ በረሃ ብቻ የሚገባ ይመስለናል፤ ዝናብ ሲቀር፣ ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ የሰሚ ጆሮ ሲጠፋ፣ ደጋም ይገባል። ይህን ልጅ ሊያውቀው ይገባል።

ከኮረም ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ሰቆጣ ይወስዳል። ሰቆጣ የጥንት የዋግሹሞች ከተማ ናት። የአገሩ ሰው አገው ነው፤ ከአማርኛ ሌላ ኽምጥኛ ይናገራል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ገበያ ላይ ነጭ ማር፣ ፍየልና ገብስ ያያሉ። ዋግን በረኃብ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ያ የማር ሽታ ትምህርት ነው።

በሰቆጣ ከሰሃላ ለስብሰባ የመጣች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አገኘሁ። ሰሃላ ከሰቆጣ ወዲያ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቅ፣ ቆላነቱ የሚበዛ ወረዳ ነው። ከቦርሳዋ አንድ ጥብጣብ አወጣች፤ የሕፃን ክንድ ዙሪያ መለኪያ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም አለው። የሕፃኑ ክንድ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቢጫ ነው፤ ይጠንቀቁ ማለት ነው። ከ11.5 በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ሕክምና ይፈልጋል።

«በፊት እናቶች ልጅ ተዝሎ ሲደክም ብቻ ነው የሚያውቁት» አለችኝ። «አሁን እኔ በየቤቱ እየሄድኩ እለካለሁ። ቀይ የሆነ ልጅ በለውዝ የተሠራውን የምግብ ቅባት፣ ፕላምፒ ነቱን፣ ከጤና ኬላ ይወስዳል፤ ቤቱ ሆኖ ይበላል። እኛ የምንፈራው ረኃቡን ብቻ አይደለም። እናት ቤቷን ዘግታ መንገድ መጀመሯን ነው። እናት አንዴ መንገድ ከጀመረች ብዙ ነገር ይጠፋል።»

ይህ ቃል ደብዳቤውን ሳነብ ትዝ አለኝ። በ1977 ዓ.ም. እናቶች እህል ወዳለበት መሄድ ነበረባቸው፤ ሕክምናው የሚገኘው በመጠለያ ብቻ ነበር። መጠለያው ደግሞ በሽታ ያስተላልፋል፤ ቤተሰብም ይበትናል። ከመጠለያዎች ሰዎች ወደ ደቡብና ምዕራብ ለሠፈራ ሲወሰዱ በግድ የተለያዩ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ጥቂት አይደሉም። የሠፈራው ሰው ብዛት 600 ሺህ ያህል ነበር። በለውዝ ቅባት የሚሰጠው ሕክምና የተገኘው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሕፃናትን በቤታቸው የማከሙ ዘዴም መጀመሪያ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መመደብ የጀመሩትም ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እነዚያ ነገሮች በ1977 ዓ.ም. ኖረው ቢሆን ስንት እናት ቤቷን ሳትዘጋ በቀረች ነበር!

ሰቆጣ ዛሬ በሌላም ነገር ስሟ ይነሣል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ውሳኔ ይፋ አደረገ። ቃል ኪዳኑ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በአማራና በትግራይ በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ 40 ወረዳዎች ተሞክሯል። መቀንጨር ማለት ልጅ በቂና የተለያየ ምግብ ባለማግኘቱ ቁመቱ ለዕድሜው ማጠሩ ሲሆን፣ አእምሮውንም ይጎዳል። በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 38 በመቶ ሆኑ። በአማራ ክልል ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. 46 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ነገሩ የገጠር ሰው ችግር ብቻ አይምሰልዎት። ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያሉት አንድ ሺህ ቀናት ለከተማም እናት እኩል ናቸው። እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ ገንፎው እህልና ጥራጥሬ የተቀላቀለበት፣ ቢቻል ዕንቁላልና አትክልት የተጨመረበት ይሁን።

ቃል ኪዳኑ የተሰየመበት ምድር ዛሬም ከሥጋት አልወጣም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ዋግን አደቀቀ፤ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። ቀጥሎም ዝናብ ቀረና በ2016 ዓ.ም. ሰሃላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን ድርቅ መታቸው። ያን ዜና ስሰማ ያቺን ጥብጣብ የያዘች ልጅ አሰብኩ። በዚያ ጊዜ ጥብጣቧ ስንት ቀይ አሳይቷት ይሆን?

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ፣ እኅቴ። ልጅዎ ለጠየቀችዎ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ሜዳው ኮረም ነው፤ በአላማጣ በኩል ግራካሱን ወጥተው ሲደርሱ፣ ከአሸንጌ ሐይቅ በስተደቡብ። ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ዛሬ በጎች ይግጡበታል፤ ተማሪዎች ያልፉበታል። «አንቺስ እዚህ ውስጥ አለሽ?» ላለችዎትም፣ «አለሁ፤ አያትሽም አሉ» ይበሏት። ፊልሙ ላይ ባይታዩም በዚያ ሜዳ ነበሩ። የእናትዎን ስም ይንገሯት፤ የመጡበትን መንደር ስም ይንገሯት፤ ወረቀት ላይም ያስጽፏት። ፊልሙ ያልጻፈውን ስም የሚጽፍ ቤተሰብ ነው።

እርስዎም ሌላዋ አንባቢዬ፣ ያ ፊልም በቤትዎ ሲታይ ልጆችዎን «ዝጉት» ብለው አይለፉት። ቦታው ኮረም እንደሚባል፣ በዚያ የነበሩት እናቶች ልጃቸውን አዝለው ከሩቅ የመጡ እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች እንደነበሩ ይንገሯቸው። መንገዱ ሰላም ሆኖ አንድ ቀን ወደ ሰሜን ለመሄድ ቢበቁ ደግሞ፣ ኮረም ላይ ወርደው አንድ ስኒ ቡና ይጠጡ። ጋቢ መያዝዎን አይርሱ።